ሽጉጡና ማኅደሩ

አማርኛ ለጠመንጃ ስም ሲያወጣ ብዙ አይጨነቅም። የመጣበትን አገር ወይም የሠሪውን ስም ይቀበልና በራሱ አፍ አላምጦ ይጠራዋል። ቤልጅግ፣ ለበን፣ ውጅግራ የሚሉት ሁሉ የፈረንጅ ስሞች ነበሩ፤ በእኛ አፍ ሲታሹ ኖረው የእኛን መልክ ያዙ እንጂ። ለሽጉጥ ግን እንዲህ አላደረገም። ሽጉጥ ማለት የተሸጎጠ ማለት ነው፤ በድግ ሥር፣ በጋቢ እጥፋት፣ በብብት ውስጥ የገባ ነገር። ስሙ የወጣለት ከአተኳኮሱ ሳይሆን ከአያያዙ ነው። ማደሪያውን አንዳንዱ ሰገባ፣ አንዳንዱ አፎት ይለዋል። በእኛ ቤት ግን ማኅደር ነው። ቃሉ ኀደረ ከሚለው ግእዝ የመጣ ነው፤ ማደሪያ እንደ ማለት። ዳዊቱም የሚገባው በማኅደር፣ የመሥሪያ ቤት ወረቀትም የሚታሰረው በማኅደር፣ ሽጉጡም የሚከተተው በማኅደር። አንዱ ቃል ለሦስቱም በቃ።

ታዲያ ስለ አንድ አሮጌ ሽጉጥ እውነቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማንን ይጠይቅ? ዕቃውን ወይስ ማደሪያውን? ጥያቄው ለብዙዎቻችሁ የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ለፋሲካ ወረታ ወርጄ ሳለ የአንድ የሞተ ሰው ክብር በዚህ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁትና፣ እስኪ እናንተም ፍረዱ ብዬ ጻፍኩት።

በመጀመሪያ የሌላውን ዓለም ልማድ ላውራችሁ። በአውሮፓና በአሜሪካ የድሮ ሠራዊት ሽጉጥ የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ የማይላወስ ሕግ አላቸው፤ ሽጉጥ ከገዛ ዘመኑ ማኅደር ጋር ይጣመር ይላሉ። ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። የጀርመኖቹን ሉገር እንውሰድ። የቆዳ ማኅደሩ ከክዳኑ ሥር ለመፍቻዋ ትንሽ ኪስ፣ በጎኑ ደግሞ ለትርፉ ካርታ ሌላ ኪስ አለው። በጀርባው የሠሪው ስምና ዓመቱ ታትሞበታል። ሽጉጡ 1916፣ ማኅደሩ 1939 እ.ኤ.አ. የሚል ከሆነ አንዱ የአባት አንዱ የልጅ ጦርነት ነውና አዋቂው ወዲያው ይለየዋል። የ1896ቱ ማውዘር ማኅደር ጭራሽ ቆዳ ሳይሆን እንጨት ነው፤ ከሽጉጡ እጀታ ኋላ ሲጋጠም ሰደፍ ይሆንና ሽጉጡን ትንሽ ጠመንጃ ያደርገዋል። የአሜሪካኖቹ ኮልት የ1911 ሽጉጥ ነው፤ ማኅደሩም የ1916 ነው። ይህ ማኅደር ለረጅም ዘመን ቡናማ ቆዳ ነበረ፤ ሠራዊቱ ወደ ጥቁር የዞረው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ ለኮሪያ ዘማች ጥቁር ማኅደር የሚያስታጥቅ ሰው በቀለም ብቻ ይጋለጣል።

ሰብሳቢዎቹ ይህን ሁሉ የሚያዩት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ቆዳ አሽቶ፣ አጥቁሮ፣ የሐሰት ማኅተም መትቶበት የሚሸጥ አጭበርባሪ ስላለም ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ነው። እንዲህ ለፍተው ያጣመሩትን ሽጉጥና ማኅደር አንድ ላይ አያሳድሯቸውም። ቆዳው ሲለፋ የጠጣው ነገር እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል፣ ነሐሱን አረንጓዴ ያስወጣዋል። ለየብቻ ያስቀምጧቸዋል። ማደሪያ የተባለው ለዘለቄታው ማደሪያ አይሆንም ማለት ነው።

ይህን ሕግ ወደ አገራችን ብናመጣው የመቶ ስድሳ ዓመት ታሪካችንን በቆዳና በሸራ ማንበብ እንችላለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበረ፤ ለቆንስሏ ለፕላውደን ላደረጉት በጎነት ማመስገኛ ተብሎ። እኒሁ ንጉሥ ደግሞ ከእኛ ከወረታ በስተምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ መድፋቸውን አሠርተዋል። በስጦታ የመጣው መሣሪያና በገዛ አገር የተሠራው በአንድ ሰው ዘመን ተገናኙ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጣልያን መኮንኖች የታጠቁት ቦዴዮ የሚባለውን ስድስት ጎራሽ ነበር። ለተራው ወታደር የተሠራው ዓይነት ቃታው እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ ሲሆን፣ በቅርጹ የተነሣ ራሳቸው ጣልያኖች የጠቦት ታፋ ይሉታል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ቤሬታ መጣ። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ስድስት ጎራሻቸውን በሸራ ማኅደር አንጠልጥለው መጡ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የአሜሪካኖቹን ትጥቅ ታጠቀ። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የሶቭየቱ ማካሮቭ ከነማኅደሩ ገባ። እያንዳንዱ ወዳጅ፣ እያንዳንዱ ጠላት ከነቆዳው መጥቷል።

የወረታ ሰው ይህ አይገርመውም። ከተማችን የመንገድ መገናኛ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው በእኛ በኩል ያልፋል፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውም ከእኛ ይገነጠላል። የጣልያን ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ የደብረ ታቦሩ ጦር በ1933 ክረምት መግቢያ እጁን ሰጠ። የጎንደሩ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ተከተለ። በዚህ መካከል በርብና በጉማራ መካከል ባለው ሜዳ ስንት መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ እንደተላለፈ መቸም የቆጠረ የለም።

ወደ ቤታችን ጉዳይ ልምጣ። የአያቴ አባት አርበኛ ነበሩ ተብሎ ነው ያደግነው። ሽጉጣቸውን በ1968 ዓ.ም. ለመንግሥት ገቢ አድርገዋል፤ ደረሰኙ አለ። በግድግዳው ላይ የቀረው ባዶው ማኅደር ነው። ከዳዊታቸው ማኅደር ጎን ተሰቅሎ፣ የምድጃ ጢስ ጠጥቶ፣ ጥቁር ሆኖ ኖሯል። ዘንድሮ በሰፈራችን ለሚያዝያ 27 የድል በዓል የአባቶች ዕቃ ይታይ ተባለና አጎቴ የእኛንም ላቅርብ አለ።

ያን ጊዜ ነገር መጣ። በማኅበር ላይ ደረሰኙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «አንድ ጣልያን ሠራሽ ቤሬታ ሽጉጥ፣ 1937፣ 15፣ ባለ ሰባት ጥይት፣ ከነማኅደሩ» ይላል። ሽማግሌው ቀና ብለው፣ «ጣልያን የወጣው በ33 ነው። በ37 የተሠራ ሽጉጥ እንዴት አድርገው ማረኩት? ገዝተውት ነው እንጂ!» አሉ። ሳቅ ሆነ። አጎቴ ጠላውን አስቀመጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ማይጨው ላይ ከመኮንን ወገብ የፈታው ነው» እያለ የሚያወራ ሰው ነበር።

በማግስቱ አጎቴ አንድ መላ አመጣ። በውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛውን የቤሬታ ማኅደር ልኮለት ነበር። ግራጫ አረንጓዴ ቆዳ፣ በፊቱ ላይ ለትርፉ ካርታ ኪስ የተሰፋበት፣ የጣልያን ምድር ጦር የሚይዘው ዓይነት። «ደረሰኙን እንተወው፤ ያንን የጢስ ቁራጭም እንተወው። ይህን እናሳይ። ዘመኑን የጠበቀ ነው» አለ። ሽጉጥ ራሱን ፈልጎ ማምጣትማ አይታሰብም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ቆዳ ግን ቆዳ ነው፤ ማን ይጠይቀናል?

እኔ ከደረሰኙ ጋር ተቀመጥኩ። 15 የምትለዋን ቁጥር አንዱ የጥይቱ ብዛት ነው ይላል፣ ሌላው የመዝገብ ቁጥር ነው ይላል። ጥይቱ እንዳይሆን ቤሬታው የሚጎርሰው ሰባት ነው፤ ደረሰኙም ይህንኑ ይላል። ነገሩ ግን ግልጥ ነው። በጣልያን ቤሬታ ጎን ላይ ሁለት ዓመት ይታተማል። አንደኛው የፈረንጅ ዓመት ነው። ሁለተኛው በሮማውያን ቁጥር የሚጻፈው የፋሺስት ዘመን ነው፤ ሙሶሎኒ በጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን የያዘበትን ቀን መባቻ አድርጎ የሚቆጥር። ዐሥራ አምስተኛው ዓመት ከጥቅምት 1936 እስከ ጥቅምት 1937 እ.ኤ.አ. ነው። የደረሰኙ ጸሐፊ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሮማውን ቁጥር ተርጉሞ 15 ብሎ አስቀመጠልን። እንግዲህ 1937 የእኛ 1937 አይደለም። ሽጉጡ የተሠራው በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 1929 እስከ ጥቅምት 1930 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጣልያን አገራችን ላይ ተቀምጦ ሳለ ማለት ነው።

ይህች ሂሳብ ሁለት ሰው ትነካለች። የማኅበሩን ሽማግሌ ጨዋታ ታፈርሳለች፤ ሽጉጡ ጣልያን ከወጣ በኋላ የተሠራ አይደለም። የአጎቴንም የማይጨው ወሬ ታፈርሳለች፤ ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ነው፣ ሽጉጡ ያኔ ገና ብረት ነበር። እውነት እንዲህ ናት፤ አንዱን ወገን ብቻ መርጣ አትረዳም። ዳሩ ግን ቁጥሩ ማረኩት ብሎም አይመሰክርም። ሊማርኩት ይችሉ ነበር፣ ጊዜው ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ብረቱ አይናገርም። ሽጉጥ የሠራውን ፋብሪካ ይነግራችኋል እንጂ የታጠቀውን ሰው አይነግራችሁም።

ስለዚህ ወደ ማኅደሩ ዞርኩ። አውርጄ ጥቀርሻውን በጨርቅ ጠረግኩ። ርዝመቱ ስንዝር የሚያህል ነው፤ ለቦዴዮ አይበቃም፣ ለቤሬታ ግን ልክ ነው። ስፌቱ የመኪና አይደለም፤ በወስፌ ተበስቶ በጅማት የተሰፋ ነው። ቆዳው ወፍራም የበሬ ቆዳ ነው። ውስጡን በእጄ ስዳስሰው የሽጉጡ ቅርጽ አለ፤ የእጀታው መታጠፊያ፣ የመዶሻው ጉብታ፣ የአፈሙዙ ክብ። ሃምሳ ዓመት ባዶውን ተሰቅሎም አልረሳውም። ለትርፍ ካርታ የሚሆን ኪስ የለውም። በእሱ ፈንታ በፊቱ ላይ እንደ ዝናር የተደረደሩ ትንንሽ የጥይት ቤቶች አሉት። ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው።

የሠራው ሰው ሽጉጡን በእጁ ይዞ፣ የሚጎርሰውን ቆጥሮ ነው የሠራው። ባለቤቱ ደግሞ ትርፍ ካርታ የሌለው፣ ጥይቱን አንድ በአንድ የሚቆጥር ሰው ነበር። ከመጋዘን የሚቀበል ወታደር እንዲህ ያለ ማኅደር አያሠራም።

አያቴን ጠየቅኳቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ የጦርነቱ ጊዜ ሕፃን ነበሩና ያዩት ሳይሆን ከአባታቸው አፍ የሰሙት ነው።

«እምዬ፣ የጣልያኑ ማኅደር ነበረ ወይ?»

«ነበረ እንጂ! ሣጥን ውስጥ ነበረ። አባቴ አይታጠቀውም ነበር። ‹ያንን ታጥቄ ዱር ብገባ የገዛ ወንድሜ ባንዳ መስዬው ይደፋኛል› ይል ነበር።»

«ታዲያ በ68 የሰጡት እሱን ነው?»

«እሱን ነዋ። ከነማኅደሩ አምጡ ሲሉት፣ ‹የጣልያኑ ከጣልያኑ ጋር ይሂድ› ብሎ አጣምሮ ሰጠ። ይቺን ግን ከጫፏ አልነካትም፤ ‹ይቺ የኔ ናት› ብሎ መልሶ ሰቀላት።»

እስኪ ፍረዱ! ፈረንጆቹ መጽሐፍ የጻፉበትን ሕግ የፎገራ ገበሬ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። የጣልያኑ ከጣልያኑ ጋር ይሂድ። ነገር ግን የራሳቸውን አስቀሩ። ለእሳቸው ዘመኑን የጠበቀው ማኅደር ጋርዶኔ ከተማ ከፋብሪካ ከሽጉጡ ጋር የወጣው አልነበረም፤ ሽጉጡ የእሳቸው በሆነበት ዘመን የተሠራው ነው።

«የሠራትስ ማን ነው?» አልኳቸው።

«ፋቂው። የገዛ በሬያችን ቆዳ ነው፤ እሱው አለፋው። ከአጥር ውጭ ነበር የሚቀመጠው፣ ቤት አይገባም። ሁለት ቁና ጓያ ተሰፈረለት አሉ።»

«ልኩን እንዴት አገኘው ታዲያ?»

«ሽጉጡን ሰጠዋ! በቅቤ ባሸው ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እርጥቡን ቆዳ አልብሶ ሲደርቅ ልኩን እንዲይዝ እሱ ጋ አሳደረው። ሁለት ሌሊት አደረ ይላል አባቴ።»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ዘመኑ ጣልያን በአካባቢው ያለበት ዘመን ነው። አርበኛው የሚፈለግ ሰው ነው። ደጃፉን እንዲረግጥ ያልተፈቀደለት፣ ጥላው ያስፈራል ተብሎ በልጆች ላይ እንዳያይ የሚከለከል ሰው ዘንድ የዚያ የሚፈለግ ሰው ሽጉጥ ሁለት ሌሊት አደረ። ለጣልያን አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ የሚያገኘው ከሁለት ቁና ጓያ ይበልጥ ነበር። አልተነፈሰም። ሰፍቶ፣ ጥይቱን ቆጥሮ፣ ቤት አበጅቶ መለሰ።

«ስሙ ማን ነበር እምዬ?»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ፋቂው ነበር የምንለው ልጄ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ማኅደሯን ቅባት ሊቀባ ሲመጣ አይቸዋለሁ። ስም እንዳለው ማን ጠየቀ?»

ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው እየሰደበ የሚያዋርድ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ይህ ሰው ከአጥር ውጭ ተቀምጦ የሰፋው ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። አዋጁ አጥሩን አላለፈም ነበር።

አጎቴን ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። «ስለ ፋቂ አውርተን ልንዋረድ ነው?» አለኝ መጀመሪያ። እኔም እንዲህ አልኩት፤ ይህ የተገዛው ማኅደር በእርግጥ ለቤሬታ ትክክል ነው። ነገር ግን ማን እንደታጠቀው አናውቅም፤ የአንድ የጣልያን መኮንን ይሆናል፣ ምናልባትም የእኛን ሰው የገደለ። ለሽጉጡ ዘመድ ነው፤ ለአያትህ ግን ባዕድ ነው። ያንን በአባትህ አባት ስም ሰቅለን ይህን ብንደብቅ፣ ሽማግሌው በማኅበር ላይ ያደረጉትን እኛው ራሳችን እናደርጋለን፤ ሽጉጡን የተገዛ እናስመስለዋለን። ጥቁሩ ማኅደር ነው ምስክራችን። ምስክሩ ደግሞ የተሠራው በዚያ ሰው እጅ ነው። አንዱን ወስደን ሌላውን መተው አይቻልም።

አጎቴ መልስ አልሰጠኝም። በበዓሉ ዋዜማ ግን ግራጫውን ማኅደር ሣጥን ውስጥ ከተተውና ጥቁሩን ራሱ ቅቤ ቀብቶ አመጣው። ደረሰኙንም አብረን አቀረብነው፤ 1937 የማን አቆጣጠር እንደሆነ ከሥሩ ጻፍንበት። ሽማግሌው መጥተው አነበቡ። «አሃ፣ የፈረንጅ ነው ለካ» አሉና አለፉ። ከዚያ በላይ ይቅርታ ከእሳቸው አልጠበቅንም።

በወረቀቱ ላይ ስለ ማኅደሩ የጻፍነው አጭር ነው። «የፎገራ በሬ ቆዳ። በወረራው ዘመን አንድ ባለ እጅ የሰፋው። ሽጉጡን ሁለት ሌሊት አሳድሯል። ስሙ አልተያዘም።» አጎቴ የመጨረሻዋን ቃል ትውጣ ብሎ ነበር፤ ያሳፍራል አለ። ማሳፈሯስ እውነት ነው። ስለዚህ ተወናት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬ የፎገራ ግጦሽ አብዛኛው የሩዝ ማሳ ሆኗል፤ ከብቱ አንሷል። በየግድግዳችሁ የተሰቀለውን ቆዳ ሁሉ፣ ኮርቻም ይሁን አገልግል፣ የዳዊት ማኅደርም ይሁን የሽጉጥ፣ ለዕረፍት ስትወርዱ አውርዳችሁ እዩት። የማን ነበር ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ማን ሠራው ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ።